ቄጠማ ይዤ የገባሁበት ቤት

ዘንድሮ በእንቁጣጣሽ የጎረቤቴ ልጅ እርጥብ ቄጠማ ታቅፋ ብትገባ ሳቄ አመለጠኝ። «ምነው እማማ?» አለች ግራ ገብቷት። ምን ብዬ ላስረዳት? እኔን የዳረኝ ቄጠማ ነው!

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ ከጎጃም መጥተው ነቀምት የከተሙ ነጋዴዎች ነበሩ። ኦሮምኛውን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ፤ የገጠሩን ወግ ግን ከየት ልወቀው? ጓደኛዬ ጫልቱ «በዓሉን እኛ ዘንድ ዋዪ» አለችኝና እስከ ዲጋ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ሄድን። ጭቃው ጫማዬን ይነጥቀኛል፤ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል። መንገድ ላይ ጫልቱ ለወንድሟ ለፈይሳ ከመስቀል በኋላ ልጅ ሊታጭለት እንደሆነ ነገረችኝ። ፈይሳ ነቀምት አስተማሪ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍቅሩን በሆዴ ይዤው ነበር። «እሰይ፣ ደስ ይላል» አልኩ። ውሸታም!

ደጃቸው ስንደርስ ጫልቱ ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ገጠመች። የዚያ አገር ሰላምታ ደግሞ ላሙም ጥጃውም ሳይጠየቅ አያልቅም። እኔ በዓመት በዓል ባዶ እጅ አይገባም ብዬ፣ ከደጃቸው በታች ካለው ወንዝ ዳር ቄጠማ ነጭቼ ቀድሜያት ገባሁ። በርዶኝ ስለነበር ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ።

እናትየው አንጮቴ የሚሉትን የወለጋ ሥራሥር ቀቅለው በቅቤ ሲለውሱ ነበር። ቄጠማውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እልልታቸውን አቀለጡት።

ጫልቱ እየሮጠች ገባች። «ምን ሠራሽ አንቺ! እኛ አገር ሴት ልጅ እርጥብ ሳር ይዛ ገብታ ከተቀመጠች፣ ልጃችሁን መርጫለሁ ማለት ነው! እሷን መመለስ ደግሞ ነውር ነው!»

አባትየው ጎንበስ አሉ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለየትኛው ነው የመጣሽው?» ያላገቡ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው።

«ኧረ አባባ፣ ለእንቁጣጣሽ ነው» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለበዓሉ ቤቱ የመጣው ፈይሳ ግን በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ እውነቱን ከተናገርኩ ለሌላ ሴት ሊሆን ነው።

«ለፈይሳ» አልኩ።

ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ፤ እናትየው አናቴን ቅቤ ቀቡኝ። አባቴ ሽማግሌ እስኪላክለት ድረስ የተቆጣውን ቁጣ አላወራውም።

ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖረ። ወጉ አስሮት ተቀበለኝ እንጂ፣ ፈይሳ እኔን መች መረጠኝ? ባለፈው እሑድ ቁርስ ላይ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ቄጠማው ለእንቁጣጣሽ እንደነበር እውነቱን አወጣሁት። ጉርሻውን ዋጥ አደረገና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ነቀምት ስንት ዓመት አስተማርኩ? በየእንቁጣጣሹ ቄጠማና አበባ የሚያመጡልኝ ተማሪዎች አልነበሩም? አባቴ ሲጠይቅሽ እኮ በሩ ላይ ቆሜ፣ ‹እንቁጣጣሽ እንዳትል፣ አምላኬ፣ እንዳትል› እያልኩ እጸልይ ነበር» አለኝ።

በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጃገረድ አፍሬ በነጠላዬ ተሸፈንኩ።