ዝም ብሎ መቆም የማይችል ንጉሥ

አባትየው ዕድሜ ልኩን ብየዳ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። በምሳ ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ቼዝ የሚጫወትበትን ገበታ ከላሜራ ቆርጦ፣ ወታደሮቹን ከዳዶ፣ ንጉሦቹን ከረጃጅም ብሎን አበጅቷል። አንድ የራሱ ፈጠራም ነበረው፤ ጥቂት ጠጠሮች ብቻ የቀሩበት፣ «ነጭ ተጫውቶ ያሸንፋል» የሚለው አቀማመጥ። የመጀመሪያው እርምጃማ ጉድ ነው! ነጩ ንጉሥ አንድ ቤት ወደ ኋላ ይመለሳል። በቃ። ማንንም አይበላ፣ ማንንም አያስፈራ። ጓደኞቹ «አንተ ሰውዬ፣ ጭሱ ናላህን አዞረው» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ሴት ልጁ አድጋ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ሠሪ ሆነች። አባቷ ሳንባውን ታሞ አልጋ ላይ ሲውል አንድ ነገር ብቻ ለመናት። «እስቲ ያ ማሽንሽ ይፍረደኝ። እውነት ይሁን ውሸት፣ ሳልሞት ልወቀው።»

የአባቷን አቀማመጥ ከከባድ ከባድ የቼዝ ፈተናዎች ጋር ቀላቅላ ለማሽኑ ሰጠችው። ማሽኑ «እኔ ይህን ብጫወት፣ እሱ ያንን ቢመልስ» እያለ ሚሊዮን መንገድ ፈተሸና አቻ ነው፣ ነጭ አያሸንፍም አለ።

እሷም እንደ ወረደ ነገረችው። የሚያባብል ቃል እንኳ ሳትጨምር! አባትየው «እሺ ልጄ» አለና ገበታውን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አሰቀለው። ከዚያ ወዲያ ስለ ቼዝ ትንፍሽ አላለም። እናትየው የምታቀርብለትን ሾርባም መግፋት ጀመረ።

ነገሩ ልጅቷን ከነከናት። ቢሮ ተመልሳ ስታጣራ፣ ፕሮግራሙ ጠጠር ባነሰባቸው ሌሎች ፈተናዎችም እየወደቀ ነው። ጥፋቱ የራሷ ነበር፤ ጊዜ ለመቆጠብ ብላ ያስገባችው አቋራጭ። ማሽኑ አንዱን መንገድ ዘልቆ ከማየቱ በፊት «ባለተራው ተራውን ቢያልፍስ?» ይላል። ሳይጫወት እንኳ ካልተጎዳ፣ ቢጫወትማ ይበልጥ ይሻለዋል ብሎ መንገዱን ይተወዋል። ብዙ ጊዜ ያዋጣል። በአባቷ ገበታ ላይ ግን ጥቁሩ ንጉሥ ዝም ብሎ መቆም ቢፈቀድለት ማንም አይነካውም ነበር፤ የሚጠፋው የግድ መንቀሳቀስ ስላለበት ነው። በቼዝ ደግሞ ተራ ማለፍ ብሎ ነገር የለም! አቋራጩን አጠፋችው። ማሽኑ ሲንፏቀቅ ዋለና ነጭ ያሸንፋል አለ፤ ንጉሡ ወደ ኋላ።

እያለቀሰች ቤት ገባች። «አባዬ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንተ ልክ ነበርክ።»

«አውርጂዋ ታዲያ! ምን ይገትርሻል?» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ገበታውን አውርዳ ጠጠሮቹን አልጋው ላይ ደረደረችለት። ነጩን ንጉሥ በጣቱ ወደ ኋላ ገፋው። አሁን ጥቁሩን መያዝ የእሷ ድርሻ ሆነ፤ እጇን ግን ጭኗ ላይ አኖረች። የአባቷ ደረት በስንት ጭንቅ ከፍ ዝቅ ሲል ታያለች። ጨዋታው ካለቀ አባቷም የሚያልቅ መሰላት፤ እንዲያልቅ አልፈለገችም።

«ተራሽ ነው» አለ።

«ትንሽ ልየው፣ አባዬ።»

«አይተሽዋል እኮ። ተጫወቺ ልጄ፤ እኔ አልፈራሁም።»

ብሎኑን አንስታ አንድ ቤት አራመደችው። አባትየው ጠባቂ ያጣውን ዳዶዋን በላባት።

«አየሽ አይደል?» አለ።

«አየሁ፣ አባዬ።»