ኮምፒውተሬ በእኛ አቆጣጠር የቆጠረበት ዓመት

ደሴ፣ ሆጤ ያለው ቤቴ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ከብዙ ጓደኞቼ በላይ አብሮኝ የቆየ ኮምፒውተር አለ። ኢንተርኔት አይገባበትም፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ወሬ ሲያምረኝ ፒያሳ ወጥቼ ካፌ እቀመጣለሁ።

አንድ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ብከፍተው፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ዓመት ግድግዳዬ ላይ ከተሰቀለው የእኛ ካላንደር ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት። ወሩና ቀኑ አልገጠሙም፤ እሱን ይቅር አልኩት። ሰባት ስምንት ዓመት ቀድሞን ሲሮጥ የኖረ የፈረንጅ ዕቃ በስተርጅናው ልብ ገዛ ብዬ ደስ አለኝ። አንድ መጣጥፍም ጻፍኩበት፤ ማሽን እንኳ ከአገር ጋር ሲኖር ይለምዳል የሚል። አንባቢዎች ወደዱት። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው።

ኮምፒውተሩ የሚነሣባቸው ሁለት ሲስተሞች ነበሩት። ዓምና፣ ከተማው ሁሉ ዊንዶውስ ስለሚጠቀም ብቻ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም ከጎኑ ጫንኩበት። ሲበራ ከሁለቱ የቱን እንደምፈልግ ይጠይቀኛል፤ እኔም ሁልጊዜ ሊኑክስን እመርጣለሁ። ዊንዶውስ መኖሩንም ረስቼው ነበር፣ እህቴ እስክትደውል።

ልጇ ልታገባ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ናት፤ እጮኛዋም እዚያው ይሠራል። ነገሩ ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ሲቀረው የልጁ ቤተሰቦችም እንደ እኛው የወረኢሉ ሰዎች መሆናቸው ታወቀ፤ ወዲያው አንዱ ልጆቹ ሥጋ ዘመድ ናቸው ብሎ ወሬ ለቀቀ። ከሰባት ቤት ያላለፈ ዘመድ አይጋባም። ዘራችንን ወደ ላይ አሥር ድረስ የሚቆጥረው አጎታችን ሞቷል፤ ከመሞቱ በፊት ግን ቆጥሮልኝ ጽፌዋለሁ። እሁድ ነገሩን የሚዳኙ ሽማግሌዎች እሷ ቤት ይመጣሉ፤ ዝርዝሩ ካልቀረበ ጋብቻው ይቀራል። አንተ ጋ ነው ያለው አለችኝ። እኔ ጋ ነበር፤ ዊንዶውሱ ውስጥ።

ዊንዶውስን መረጥኩ። ዓርማው ብቅ አለ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ብልጭ አለ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና ተነሣ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ደጋግሞ ወደቀ። በሊኑክስ በኩል ፋይሉን አገኘሁት፤ ግን የተጻፈው በድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ስለሆነ ቅድመ አያቶቼ የዶላርና የጥያቄ ምልክት ሆነው ተሰለፉ። ፕሮግራሙ ያለው ዊንዶውሱ ላይ ብቻ ነው፤ የሸጠልኝ ሱቅ ዛሬ ጫማ ቤት ሆኗል።

ፒያሳ ያለው የኮምፒውተር ጠጋኝ አንዴ ገልመጥ አድርጎት፣ "ፋዘር፣ ሊኑክሱ ዊንዶውሱን በልቶታል። ፎርማት ነው" አለኝ። ፎርማት ማለት ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ይህ ሰው ለበሽታው ሁሉ ያለው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሻይ ለፈሰሰበት ኪቦርድም ፎርማት ሲያዝ ሰምቻለሁ። ዘር ማንዘሬ እንደሚጠፋ ብነግረው ባክአፕ፣ ሌላ ቦታ ያስቀመጥከው ቅጂ፣ የለህም ወይ አለኝ፣ ንስሐ አባት እንዳለኝ በሚጠይቅ ድምፅ።

እህቴም በሊኑክስ ላይ ፈረደች። የእኛ ዘር፣ እንደ ብዙው የወሎ ዘር፣ አራተኛው ላይ መስጊድ ይገባል፣ ስድስተኛው ላይ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እነዚያ በአንድ በር ሲገቡ ሲወጡ ኖረዋል፣ ያንተዎቹ ምን ነክቷቸው ነው አለችኝ። እኔ ለሊኑክስ ጥብቅና ቆምኩ። ማስረጃ አልነበረኝም፤ ሁሉም ስለከሰሰው ነው።

ቅዳሜ ሲፒዩውን፣ የኮምፒውተሩን ሣጥን፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደሴ ላይ ጋቢው ለሁለታችንም ያስፈልግ ነበር፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ እኔ በላብ ርሻለሁ፣ ደልቶት የነበረው እሱ ብቻ ነው። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ መንገዱን ሙሉ ጥቅሉን ሲያዩ ቆይተው፣ ሲወርዱ "አላህ ይማረው" አሉኝ። አሚን አልኩ።

የእህቴ ልጅ ኪራይ ቤቷ ውስጥ ከቴሌቪዥኗ ጋር አገናኝታ አበራችው። ፎርማት አላለችም፤ ማንንም አልከሰሰችም። የስክሪኑን ጥግ ብቻ አየች።

"ጋሼ፣ ይሄ ዓመት ወደ ኋላ መቅረቱን አላዩም?"

በእኛ አቆጣጠር መቁጠር ጀምሮ ነው አልኳት፤ መጣጥፉንም አስታወስኳት።

"አንብቤዋለሁ" አለች። "ቀልድ መስሎኝ ነበር።"

ሲፒዩውን በካቻቢቴ ፈታችና ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ ነቅላ አሳየችኝ። ኮምፒውተሩ መብራት ሲጠፋ ቀኑንና ጠባዩን የሚያስታውሰው በእሷ ነበር። ስትሞትበት ሁሉን ረስቶ የተሠራበትን ዓመት ያዘ፤ ያ ዓመት በአጋጣሚ ከእኛ ዘመን ጋር ገጠመ። ዲስኩን የሚያነብበትንም መንገድ ረሳ። ሊኑክስ ያን ችሎት ይነሣል፤ ዊንዶውስ ይወድቃል። ለሠርጉ ብላ ከገዛችው የክብደት ሚዛን ውስጥ ባትሪ አውጥታ ተካችው፣ ቀኑን አስተካከለች፣ ዲስኩን የሚያነብበትንም መንገድ ወደ ቀድሞው መለሰች። ዊንዶውስ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣ።

የእጮኛዋን ዘር አያቱ ቆጥረውላት በደብተር ይዛለች። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን፣ በጣታችን እየቆጠርን ወደ ላይ ወጣን። አንድ አያት ላይ ተገናኙ። ከራሷ ብንጀምር ስምንተኛ ናቸው፤ ከእናቷ ብንጀምር ሰባተኛ። እንደገና ቆጠርን። ያው ነው። ደብተሩን ዘጋች።

"ጋሼ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ከሰው ሁሉ ጋር ሲከራከሩ ኖረዋል" አለች። "ነገ ለእኔ ይከራከሩልኝ።"

ተከራከርኩ። የምታገባው እሷ ናት እንጂ እናቷ አይደለችም፣ ቆጠራው ከእሷ ነው አልኩ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ አንድ አረጋዊ ቄስ፣ የለም ከወላጅ ነው አሉ። የጠየቁኝንም ያልጠየቁኝንም መለስኩ። ወጡ ቀዝቅዞ ሁለት ጊዜ ሞቀ። የዘመን አቆጣጠርን በምሳሌነት ላነሣ ስል እህቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችው፤ እኔ ግን ሌላ ምሳሌ ነበረኝ። ከዚያም ሌላ። የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ቄሱን ብቻ ታያለች።

በመጨረሻ ቄሱ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ስምንት ይሁን። ይጋቡ" አሉ። "ብቻ እኚህ ሰውዬ በሠርጉ ዕለት ንግግር አያድርጉ።"

በዚህም ላይ የምለው ነበረኝ፤ እህቴ ግን እግሬን አልለቀቀችም።