ስልኬን ልሸጥ ጅቡቲ ወረድኩ

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ድሬዳዋ

ጋሽ መኮንን የከባድ መኪናውን ሞተር ሲያስነሳ የሰፈራችን ውሾች አብረው ተነሡ። ጋሽ መኮንን ጎረቤታችን ነው። ባዶ መኪና ይዞ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ማዳበሪያ ጭኖ ይመለሳል። እኔ ፓስፖርቴን፣ ቪዛዬን፣ ሁለት ሸሚዝ እና የምሸጠውን ስልክ ይዤ ጋቢና ውስጥ ተቀምጫለሁ። እናቴ ከታች ቆማ የመጨረሻውን ትእዛዝ ትሰጣለች።

«ስማ ሰሚር፤ ከዘይነባ አንድ ፍራንክ እንዳትቀበል። ግቢ ስትገባ ፍራሽህንም ልብስህንም የገዛችው እሷ ናት። አሁንስ አፈርኩ።»

«እሺ እማዬ።»

ዘይነባ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች።

የሄድኩበትን ምክንያት ላስረዳ። አንደኛ ዓመትን ጨርሼ አርክቴክቸር ደርሶኛል። በዚህ ትምህርት ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ ባለላፕቶፕ ጓደኛው እስኪተኛ እየጠበቀ ነው የሚሠራው። የአክስቴ ጎረቤት የሆነ መምህር ላፕቶፑን በአርባ ሺህ ፍራንክ ሊሸጥልኝ ተስማምቷል፤ ግን እስከ ሐሙስ ማታ ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ ገዢ ይወስደዋል። እኔ ያለኝ ደግሞ ወንድሜ ከሳውዲ የላከልኝ፣ ዓመት የተጠቀምኩበት ስልክ ነው። ድሬ ውስጥ የሰጡኝ ዋጋ ለላፕቶፑ ክዳን እንኳን አይበቃም። «ጅቡቲ ውሰደው፣ እዚያ በፍራንክ ነው» ያላለኝ ሰው የለም። ከመካከላቸው እዚያ ስልክ ሸጦ የሚያውቅ እንዳለ ግን አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ ረፋድ፣ ወደ ደወሌ

አዲሱ አስፋልት ቀጥ ብሎ ይሮጣል። ግራና ቀኝ ግራር፣ ግራሩ ላይ የተሰቀለ ፌስታል፣ ፌስታሉን በንቀት የምታይ ግመል። ጋሽ መኮንን መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ያሠለጥነኛል።

«እኔ ገዢ ነኝ እንበል። ስንት ነው?»

«አርባ አምስት ሺህ።»

«ውድ ነው!»

«ይቅርታ።»

ፍሬን ሊይዝ ምንም አልቀረው። «አቦ፣ ለምንድን ነው ይቅርታ የምትጠይቀው? ምን በደልከኝ?»

«ውድ ነው ስትል ጊዜ…»

«እኔ ውድ ነው የምለው ልማዴ ስለሆነ ነው። እንደገና! ስንት ነው?»

እስከ ድንበሩ ድረስ ሰባት ጊዜ ያህል ሸጥኩለት። ሁሉንም ከስሬ ነው። ደወሌ ላይ ፓስፖርቴ ሲመታ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው «ለምን ጉዳይ?» አለኝ። «አክስቴን ልጠይቅ» አልኩ። ጋሽ መኮንን በሹክሹክታ «እሱን እንኳን በትክክል መለስክ» አለኝ።

ማክሰኞ ማታ፣ ባልባላ

ሙቀቱን ለመግለጽ ሞክሬ ተውኩት። ፀሐይ ከገባች በኋላም ግድግዳው ይተነፍሳል። ጋሽ መኮንን የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት ፒኬ 12 ቀረ፤ እኔ በሚኒባስ አክስቴ ሰፈር፣ ባልባላ ገባሁ። አክስቴ ዘይነባ ጉንጬን ስማ ሳትጨርስ ስልኩን ከእጄ ወሰደች፣ ገለበጠችው፣ ወደ መብራት አስጠግታ አየችው።

«ንጹሕ ነው። ነገ ዑመር ጋ ትወስደዋለህ። ድሬ ያደገ ሰው ነው፣ አማርኛ ያውቃል። ግን አደራ፣ ጠዋት አትሂድ።»

«ለምን?»

«ጠዋት ማንም ሰው አይደለም። ጫት ሰባት ሰዓት ላይ ነው የሚገባው።»

ሩዝ በዓሣ አቀረበችልኝ። በልቼ ስጠግብ እንደገና አቀረበች። እምቢ ማለት ስለማልችል እንደገና በላሁ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ካርቲየ ሁለት

ጠዋት ሄድኩ። ላፕቶፑን የሚጠብቅ ሰው እስከ ከሰዓት ቁጭ ማለት አይሆንለትም።

የካርቲየ ሁለት ገበያ ቀድሞኝ ነቅቷል። የብር መንዛሪ ሴቶች የፍራንክ ክምር ጭናቸው ላይ አድርገው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ረጃጅም የፈረንሳይ ዳቦ በብብቱ የያዘ ሰው ያልፋል። ሳምቡሳ ይጠበሳል። የዑመር ሱቅ ከአንድ ሽቶ ሻጭ አጠገብ ነው፤ ዑመር እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«እንደምን አደሩ? አክስቴ ዘይነባ ናት የላከችኝ፤ እርስዎ ጋ…»

«አቦ፣ አንተ በለኝ። አንቱታ ራሴን ያመኛል። አምጣ።»

አገላብጦ አየው። «ሠላሳ ሺህ።»

ሠላሳ ሺህ ጥሩ መነሻ ነበር። ነገር ግን ከመምጣቴ በፊት ስለ ሽያጭ ያነበብኩት ምክር ሁሉ «ጉድለቱን አትደብቅ» ይላል፤ እኔም አልደበቅኩም። ባትሪው እስከ ማታ እንደማይቆይ ነገርኩት። «ሃያ ስምንት» አለ። ጥጉ ላይ የፀጉር ያህል ጭረት እንዳለ አሳየሁት። «ሃያ ስድስት።» ድምፅ ማጉያው ሲጮህ እንደሚያንቋርር አስረዳሁት። «ሃያ አራት» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለና በፍቅር አየኝ። «ቀጥል፣ ቀጥል። ሌላስ?»

ካሜራውን ሊሞክር ወደ ደጅ ወጣ። ወዲያው ስልኩ «በጣም ሞቋል፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ» ብሎ ራሱን ዘጋ።

«አየህ? ስልኩ ራሱ ጅቡቲን አልቻላትም። ሃያ ሁለት።»

ሃያ ሁለት ሺህ የላፕቶፑ ግማሽ ያህል ነው። «አስቤ እመጣለሁ» አልኩ። «አስብ» አለና እጁን ወደ ግንባሩ መለሰ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ እዚያው

ሰባት ሰዓት ገደማ ከተማው አበደ። መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ይበራሉ፣ ሴቶች እርጥብ ጆንያ በለበሰ ጫት ዙሪያ ይጮሃሉ፣ ሰው እስሩን በብብቱ ሸጉጦ ወደየቤቱ ይሮጣል። ከዚያ ጸጥ። ሱቁ ሁሉ ተዘጋ። መንገድ ላይ የቀረነው እኔና ፍየሎች ነበርን።

ወደ ማምሻው ስመለስ የዑመር ሱቅ ተከፍቷል፤ ዑመር ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ፊቱ ያበራል።

«ሰሚር! ወንድሜ! የት ጠፋህ? ተቀመጥ! ቀዝቃዛ ውሃ ስጡት! ያቺን ስልክ አምጣ እስቲ።» አልገለበጣትም፤ አቀፋት። «እንዲህ ያለ ስልክ እንኳን እዚህ፣ ዱባይም የለም ወላሂ። ስንት ትላለህ?»

«አርባ አምስት ሺህ።»

«ሃምሳ!»

ጋሽ መኮንን ያላሠለጠነኝ እዚህ ላይ ነው። «አይ፣ አርባ አምስት ይበቃል» ልል አፌን ስከፍት እጁን አነሣ።

«ሃምሳ አልኩ! አክስትህ ነግራኛለች፣ አርክቴክት ነህ አይደል? እዚህ ቦታ ፎቅ እሠራለሁ። አንተ ትነድፈዋለህ። ስድስት ፎቅ። አይ፣ ስምንት። ላዩ ላይ መዋኛ።»

«አሁን ልስጥህ?»

«ገንዘቡ ቤት ነው። ነገ ጠዋት ና፣ ቆጥሬ እሰጥሃለሁ።»

በሚኒባሱ መስኮት በኩል ባሕሩን እያየሁ ተመለስኩ። ስምንት ፎቁን በአሳቤ ጀመርኩት። በመንገዴ መምህሩ ቤት ጎራ ብዬ «ነገ እወስደዋለሁ፣ ቦርሳም ካለህ እገዛለሁ» አልኩት። ለአክስቴ ስነግራት እጥፍ ብላ ሳቀች።

«ሃምሳ? ፎቅም ሰጠህ?»

«ስምንት።»

«አንተ ልጅ፣ በምርቃና የተባለ ዋጋ ዋጋ ነው እንዴ? ባለፈው ለእኔ መርከብ ሊገዛልኝ ነበር።»

«ከሰዓት ሂድ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ከሰዓት ሄደህ ገንዘቡን ይዘህ ና ነው ያልኩህ!»

ሐሙስ ጠዋት፣ ካርቲየ ሁለት

ዑመር እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ትናንት ሃምሳ ሺህ ተባብለን ነበር» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ከማን ጋር?»

«ካንተ ጋር። ፎቅም…»

በረጅሙ ተነፈሰ። ደግ ሰው ነው፣ ማፈሩ ፊቱ ላይ ይታያል። «ሰሚር፣ ከሰዓት ያለው ዑመር ሱቅ የለውም። ሱቁ የኔ ነው። ሃያ ሁለት።»

መምህሩ እስከ ማታ ነው የሚጠብቀኝ፤ ጋሽ መኮንን ደግሞ ማዳበሪያውን ጭኖ ነገ ጎህ ሲቀድ ይነሣል። ሃያ ሁለቱን ልቀበል እጄን ዘርግቼ ነበር። «እሺ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ግን ያን ገንዘብ ይዤ ላፕቶፕም ስልክም የሌለኝ ሰው ልሆን ነው። እጄን ሰበሰብኩ። ወጣሁና ለጋሽ መኮንን ደወልኩ።

«ና ወደዚህ፣ ምሳ ብላ» አለኝ። «ባዶ ሆድ ዋጋ አይጠራም።»

ሐሙስ ምሳ ሰዓት፣ ፒኬ 12

አቧራ፣ ናፍጣ፣ የተደረደሩ ተሳቢዎች፣ ከተሳቢዎቹ ሥር የተሰቀሉ የመኝታ መረቦች። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሹፌሮቻችን ሽሮና ጥብስ ይበላሉ። የጋሽ መኮንን ጓደኛ ጋሽ ግርማ ከመሃላቸው አንዱ ነው። ትናንት የራሱን ስልክ በራሱ መኪና የኋላ ጎማ ጨፍልቋል፤ ገበታው ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነው።

«ደውሎ ሊያስነሣት ሞከረ እኮ!» ይላል አንዱ።

«ዝም በሉ፣ ሐዘን ላይ ነኝ» ይላል ጋሽ ግርማ እየጎረሰ። ከዚያ የእኔን ስልክ አየ። «ይሄ አገር ቤት ሲሠራ የነበረ ነው?»

«ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ ደውዬበታለሁ። ቀረጡም ተከፍሏል፣ ተመዝግቧልም።»

ማኘኩን አቆመ። ኋላ እንዳስረዱኝ፣ ሹፌሮች ከጅቡቲ አዲስ ስልክ ገዝተው ሲመለሱ አገር ቤት ቀረጥ አለ፣ ምዝገባ አለ፣ እሱ እስኪያልቅ ስልኩ አይሠራም። እኔ ሳላውቀው ይዤ የመጣሁት፣ እዚህ ካሉ ሱቆች አንዱም የማይሸጠውን ነው። ለዑመር ይህ ምንም አይደለም፤ ለጋሽ ግርማ ግን ብዙ ነው። አገሬን ትቼ፣ ድንበር ተሻግሬ፣ ገዢ ሆኖ ያገኘሁት ድሬ ከእኛ ሰፈር አጠገብ የሚኖር ሰው ነው።

«ጉድለቱን ንገረኝ» አለ። «የለበትም ካልክ አልገዛም፤ አሮጌ መኪና ስገዛ ሃያ ዓመቴ ነው።»

ነገርኩት። ባትሪውን፣ ጭረቱን፣ ድምፁን። ፀሐይ ላይ እንደሚዘጋም ጨመርኩ።

«እኔም ፀሐይ ላይ እዘጋለሁ» አለ። «ስንት?»

«አርባ።»

«ሠላሳ ስምንት።»

«እሺ!»

ገበታው በሙሉ አቃሰተ። ጋሽ መኮንን ግንባሩን መታ። «ሁለት ሰከንድ! ሁለት ሰከንድ ዝም ብትል አርባ ይልህ ነበር!» ጋሽ ግርማ ራሱ አዘነልኝ፤ ግን ሁለቱን ሺህ አልጨመረም። ከስልኩ ላይ አካውንቴን አወጣሁ፣ ፎቶዎቼን አጠፋሁ፣ ሰጠሁት። ስልክ ለምትሸጡ ሁሉ ይህን አትርሱ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ የአክስቴ ሱቅ

ሁለት ሺህ ጎደለ። ቦርሳውን ተውኩት፤ መምህሩ ግን ከአርባ አልወርድም አለ። ብለማመጠውም ዋጋ አልነበረውም፤ ሌላው ገዢ ከበሩ አጠገብ ሻይ ይጠጣል።

አክስቴ ሱቅ ሄጄ ስነግራት ቦርሳዋን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው።

«አልሰጥህም። እህቴን አላስቀይማትም። ግን እኔ ነጋዴ ነኝ። የምትሸጠው ምን አለህ?»

ሻንጣዬን ከቤቷ አምጥቼ ፈታሁ። ሁለት ሸሚዝ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ እና ከቤት ወስጄ ግቢ ይዤው የከረምኩት፣ ከዚያም ሻንጣው ሥር የረሳሁት ጥቁር ዣንጥላ።

ዘርግታ አየችው። «ዣንጥላ። ጅቡቲ ውስጥ።» ለጎረቤት ባለሱቆች በሶማሊኛ አንድ ነገር አለች፤ ሳቁ። «አምስት መቶ።»

«ሁለት ሺህ።»

«እዚህ መቼ ዘንቦ ያውቃል?»

«ለፀሐይ ነው።»

አንዷ ሴትዮ በአማርኛ «እውነቱን ነው!» አለች። ሌላዋ አክስቴን ደገፈች። ሰው ቆመ።

«ሽቦው ጎብጧል። ስምንት መቶ።»

«ሁለት ሺህ።»

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ ያውም ስለማዝንልህ።»

ልቤ «እሺ በላት፣ አትቀየምህ» ይለኛል። የእውነትም ተቆጥታ ትመስላለች። አንድ ያልነገርኳት ነገርም ነበር፤ መደበቅ ደግሞ አልችልም።

«እጀታውም ይላላል» አልኩ።

ፈገግ ማለት ጀመረች። «እና?»

«እና ሁለት ሺህ ነው።»

ከዚያ ዝም አልኩ። አየችኝ፤ አየኋት። ላቤ በጆሮዬ ሥር ይወርዳል። አክስቴ ሁለት ባለ ሺህ ኖት ስባ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች።

«ውሰድ። ወሮበላ!»

እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ምርቃቶች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ዓርብ ማታ፣ ድሬዳዋ

ላፕቶፑን ታቅፌ ቤት ገባሁ። እናቴ ክዳኑን በጨርቅ ወለወለችው፣ ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ከዘይነባ ገንዘብ ተቀብለሃል?»

«ሸጥኩላት እንጂ አልተቀበልኩም።»

«ምን?»

«ዣንጥላውን። በሁለት ሺህ ፍራንክ።»

ደስ ይላታል ብዬ ጠበቅኩ። «የአባትህን ዣንጥላ? በሁለት ሺህ? አቦ፣ አንተ ልጅ፣ አረከስከው!» ብላ ስልኳን አነሣች። ዣንጥላው ለካ አባቴ ሲያገባት የያዘው ነው። ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

«ዘይነባ፣ ዣንጥላዬን መልሺ» አለች።

ከወዲያ በኩል የአክስቴ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «አራት ሺህ!»

እነሆ እኔ በላፕቶፔ ይህን ጽፌ ስጨርስ፣ ሦስት ሺህ ላይ ደርሰዋል።