የውሰት ምንጣፍና የጭቃ ወፍ

ስትጽፍ ካመለጠህ አስቁመኝና ጠይቀኝ፤ ከራስህ ግን እንዳትጨምር። የምነግርህ እናትህ ስትዳር የሆነውን ነው። እሷን ብትጠይቃት ግማሹን ትደብቅሃለች፣ እጇ አለበትና።

ያኔ ቆቦ ውስጥ ባጃጅ የሚባል ነገር የለም። እኛ ሰፈር መብራትም አልገባ። ቤቱ ይኸው ያለንበት ቤት ነው፤ ቆርቆሮው አሁን ዛገ እንጂ ግድግዳው ያው ጭቃ ነው። እኔ በሰፈሩ የታወቅሁ ግድግዳ አስጊያጭ ነበርኩ። ሙሽራ ያለበት ቤት እኔን ሳይጠራ ድግስ አይጥልም። ቀዩን አፈር ከወንዙ ዳር፣ ነጩን ከተራራው ስር አመጣለሁ። ጥቁር ካስፈለገኝ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብሬ ከሆዱ አወጣለሁ። ለሰማያዊው ነጭ ልብስ ሲታጠብ ጣል የሚያደርጉት ዱቄት አለ። አረንጓዴ ብቻ ነው እምቢ ያለኝ፤ ቅጠል ጨምቄ ብቀባ በሳምንቱ የላም እበት ይመስላል። በጣቴ፣ በጨርቅና በሚዶ ነው የምሠራ። ሚዶውን እርጥቡ ላይ ስጎትተው ግድግዳው የተሸመነ ይመስላል።

እንዲህ ሆኜ ስኖር ምንጣፍ መጣብኝ። በአፋር በኩል በግመል ተጭኖ የሚመጣ፣ እንደ ድመት ጀርባ የሚለሰልስ፣ አንበሳና አጋዘን ያለበት ከፋይ ምንጣፍ። ሰው ወለል ላይ መነጠፍ ያለበትን አንስቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ የኔን አበባ ሸፍኖ ማለት ነው። አንዷ ምን አለችኝ መሰለህ፣ «ከእንግዲህ ከምንጣፉ ዙሪያ ያለውን ብቻ ቀቢልኝ፣ ከስሩ ያለውን ማን ያየዋል?» አለችኝ። እሺ ብዬ ሄድኩላት። ዙሪያውን አሳምሬ ቀባሁና ከስሩ ደግሞ አህያ ሣልኩባት፤ ጆሮዋ ይህን የሚያህል። ምንጣፉን አውርዳው ካልሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም።

እናትህም በምንጣፉ ተለከፈች። ሰርጓ ሳምንት ሲቀረው፣ «እማ፣ እኔ በሰርጌ ቀን የአፈር ግድግዳ ተደግፌ አልቀመጥም» አለችኝ።

«የተወለድሽው እዚሁ አፈር ግድግዳ ስር አይደል?»

«አዎ፣ ሃያ ዓመት አየሁት። ይበቃኛል።»

ልጅ ስትዳር ክፉ ቃል አይመለስላትም። የምትፈልገውን ግን አውቄዋለሁ፤ የጎረቤቴን ምንጣፍ ነው።

ጎረቤቴ እስላም ናት። አጥራችን አንድ ነው፣ እሳት የምንጫጫር። ባሏ ቆላ ወርዶ ከግመል ነጋዴዎች የገዛላት ምንጣፍ ነበራት፤ መደቡ ቀይ፣ መሐሉ ላይ ጅራቷን እንደ ጃንጥላ የዘረጋች ወፍ። ጣዎስ ይሏታል አሉ፣ ኋላ ነው የሰማሁት። ባሏ ያንን ባመጣ በዓመቱ ባሕር ተሻግሮ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። እሷ ምንጣፉን ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች፤ የምትሰቅለው በዒድ ብቻ ነው። ስትሰግድ ደግሞ ወፏ እንዳታያት ጥጉን ይዛ ታጥፍባታለች። ልጆቿ እንኳ በታጠበ እጅ ነው የሚነኩት።

ልጠይቃት ሄድኩ።

«ወፏን ፈልገሽ ነው» አለችኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ማን ነገረሽ?»

«ልጅሽ ሦስት ቀን ሙሉ እየመጣች ጠርዙን ስትዳብስ ነው የዋለች። እኔ ዓይን የለኝም?»

አፈርኩ። እሷ ተነስታ ጥቅሉን ከቆጡ አወረደችው።

«ሌላ ሰው ቢሆን በሩን አሳየው ነበር። እሷ ግን አንቺን ወባ ሲጥልሽ የኔን ጡት ጠብታ ነው ያደገች። ውሰጂው። ግን ስሚኝ፤ እንደሄደ ይምጣልኝ። ያ ሰውዬ አንድ ቀን ብቅ ቢል መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።»

«በእመቤቴ፣ አንዲት ክር አትጎድልበትም።»

«ክሯ ትቅር፤ ራሱን አምጪልኝ።»

ተሸክሜው ቤቴ ስገባ ነው የሚዜዎቹ ነገር ትዝ ያለኝ። አሁን አሁን እየቀረ መጣ መሰል፤ በእኛ ጊዜ ግን ሙሽራ ሊወስዱ የመጡ ሚዜዎች ከሙሽራዋ ቤት አንድ ዕቃ ሳይሰርቁ አይወጡም። ወግ ነው። ብርጭቆም ይሁን ዶሮ፣ የሰረቁት ከሙሽራዋ ጋር ወንድ ቤት ይገባል። መልሱልኝ አይባል። የመለሰ ሚዜ የሀገር መሳቂያ ነው። እናትህን የሚያገባው የዋጃ ሙሽራ አንደኛ ሚዜ ደግሞ ዝናው ከሱ ቀድሞ የሚደርስ ሌባ ነበር። ጎብዬ ላይ የበር ቅጠል ነቅሎ ሄዷል አሉ። ሌላ ሰርግ ላይ የሙሽራዋ አባት ሊመርቁ ብድግ ሲሉ ወንበራቸውን ወስዶባቸዋል። መርቀው ሲቀመጡ መሬት ላይ አረፉ።

እንግዲህ እየው። እናትህ ያለ ወፏ አልቀመጥም ብላለች። ለጎረቤቴ በእመቤቴ ምያለሁ። ሌባው ሊመጣ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ምንጣፉን ሰቅዬ ቁጭ ብዬ አየሁት። ባየሁት ቁጥር ምን እንደታየኝ ታውቃለህ? ይህች ወፍ ከኔ እጅ አታመልጥም። በሩን ዘጋሁና ከጎኑ ያለውን ግድግዳ አዲስ ጭቃ መረግሁት። በክንዴ እየለካሁ ቀዩን መደብ ጣልኩ። እንደ ከፋዩ እንዲያብረቀርቅ ቀዩን አፈር በኑግ ዘይት ለወስኩት። ጠጉሩን በሚዶ አበጠርኩት። ጥቁሩን መስመር በባትሪ ድንጋይ ሳብኩ። አረንጓዴው እምቢ ሲለኝ ጅራቷን በሰማያዊና በእርድ ቢጫ ሞላሁት። ዘርፉን ግን መሣል አላማረኝም፤ ከአሮጌ ነጠላ ቋጩን ቆርጬ ጭቃው ሳይደርቅ ጫፉን ሰካሁበት፣ ነፋስ ሲመጣ እንዲወዛወዝ። ከላይ በአራት ሚስማር የተሰቀለ አስመሰልኩት። ሚስማሮቹ የእውነት ናቸው።

እናትህ ገብታ አየችና ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረች። «የትኛው ነው?» አለች። እንደ ዘበት። ለኔ ግን ያ ቃል ከጥሎሽ በለጠብኝ።

«ጠጋ በይና አሽቺው» አልኳት። ጭቃውን አሽትታ ሳቀች፤ ከሱ ስር ልቀመጥ አለች።

እውነተኛውን አውርጄ አራት አጠፍኩት፤ በአቡጀዴ ከረጢት ከተትኩና አፉን በቀይ ክር ሰፋሁት። የት ላድርገው? ሣጥን ውስጥ እንዳልከተው ሚዜ መጀመሪያ የሚፈልገው ሣጥን ነው። ቆጥ ላይ እንዳላወጣው ይወጣሉ። በመጨረሻ ሚዜዎቹ የሚቀመጡበት መደብ ላይ መቀመጫ አድርጌ አነጠፍኩት። ሰው የተቀመጠበትን አይሰርቅም አልኩ። አትሳቅ። የወንበሩን ታሪክ ሰምቼ ነበር፤ ያን ሰዓት ግን ጭራሽ ትዝ አላለኝም። በሥዕሌ ሰክሬ ነበራ።

የሰርጉ ቀን ጎረቤቴ ከሁሉ ቀድማ ገባች። ክፍሉ ያው አንድ ትንሽ መስኮት ነው ያለው፣ ጨለም ይላል። ግድግዳውን ቆማ አየች፣ አየች።

«አንቺ፣ ወፌን ምን አብልተሻት ነው የወፈረችው?»

«ዝም በይ።»

«ወላሂ ዶሮ ሆናለች። እኔ ዶሮ አላዋስኩሽም።»

ጆሮዋ ስር ገብቼ ነገርኳት። ጣቷን ዘርፉ ላይ አድርጋ፣ ጭቃውን አሽትታ፣ አፏን በሻሿ ይዛ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቋ ሲቆም፣ «የኔዋስ የት አለች?» አለችኝ።

«ማንም የማይደርስባት ቦታ። አብሽሪ።»

«አንቺ አብሽሪ ስትይ ነው የምፈራው።»

ሚዜዎቹ መጡ። አንደኛው ሚዜ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አፍንጫው የሾለ አዲስ ጥቁር ጫማ ተጫምቶ ገባና መደቡ ላይ፣ ልክ አቡጀዴዋ ላይ ዘፍ አለ። እናትህ ከወፏ ስር ዓይነ ርግብ ተሸፍና ተቀምጣለች። ሌባው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ ነው። እኔ ወጥ እየጨመርኩ፣ «የኔ ልጅ፣ ወፏን ወደድካት?» እለዋለሁ።

«እማማ፣ ቆንጆ ናት። ዋጃ የሚስማማት ይመስለኛል።»

«ኧረ ቆቦ ተስማምቷታል።»

ሽማግሌዎች ለምርቃት ሲነሱና ሁሉም አንገቱን ሲደፋ፣ እሱ በጎን ሹልክ ብሎ ከእናትህ ኋላ ቆመ። እኔ አሜን እያልኩ በአንድ ዓይኔ አያለሁ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ሚስማሮቹ ስር ላከ፤ ጫፉን የያዘ መስሎት ወደ ታች ጎተተ። እጁ ከላይ እስከ ጅራቷ ድረስ ተንሸራተተ። ግራ ገባው። ዝቅ ብሎ ዘርፉን ያዘና ሳበው፤ ቋጩ ከነጭቃው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ደንግጦ እጁን ሸሚዙ ላይ ጠረገው። ቀይ በኑግ ዘይት፣ ጥቁር ከባትሪ ድንጋይ፤ ሸሚዙ ራሱ ምንጣፍ ሆነ።

ጎረቤቴ ናት መጀመሪያ የሳቀች፤ ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን ሳይጨርሱ። ከዚያ ቤቱ ተናጋ። ዳስ ያሉት ሴቶች ሰምተው እየተጋፉ ገቡና ስለ እጁ ግጥም ያወርዱበት ጀመር። እሱም ዋዛ አይደለም። መዳፉን ወደ ላይ አንስቶ፣ «ምን ላድርግ፣ ወፏ ልትበር ስትል ላባዋ እጄ ላይ ቀረ» አለ። ይኸን ጊዜ ወደድኩት። መውደዴ ነው ያዘናጋኝ።

እናትህን አስነሱ፣ እልልታው ቀለጠ፣ መኪናው ጡሩንባውን ነፋ፣ እኔ አለቀስኩ። እንባዬን ጠርጌ ስመለስ መደቡ ባዶ ነው። አቡጀዴው የለም። ሌባው በጋቢ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞት ወጥቷል፤ እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ ሁለት ጉንጩን ስሜዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ መጣች። ነገርኳት። የተቀመጠበትን መደብ አሳየኋት። መደቡን በመዳፏ ዳበሰችው፣ ልጅ ተኝቶበት የተነሳ ይመስል። ያን ቀን ብትሰድበኝ በወደድኩ።

«አውቆ ነው የወሰደው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አያውቅም። እንዲያው መቀመጫ መስሎት ነው፣ ባዶ እጁን ላለመሄድ።»

«እንግዲያ ሳይከፍተው መድረስ አለብን።»

«እኔ መሄድ አልችልም» አልኳት። በእኛ ወግ የመልሱ ድግስ ሳይደረግ የሙሽራ እናት ወንድ ቤት አትረግጥም።

«አንቺን ማን ጠራሽ? እኔ እሄዳለሁ።»

«አንቺም በጡት እናቷ ነሽ።»

«የጡት እናት መኪና አትከለከልም» አለችና ሻሿን አጥብቃ ወጣች።

ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ አልነግርህም። በር ላይ ተቀምጬ የአላማጣውን መንገድ ሳይ ዋልኩ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ጎረቤቴ ከአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ወረደች። አቡጀዴው በጀርባዋ፣ እንደ ሕፃን ታዝሏል። በእጇ ደግሞ አፍንጫው የሾለ ጥቁር ጫማ፣ ጥንድ።

ዋጃ ስትደርስ እንዲህ ነው የሆነው። የሙሽራዋ አክስት ነኝ ብላ ገባች፣ አከበሯት፣ አበሏት። እናትህ አቡጀዴው ላይ ተቀምጣለች፤ ሌባው፣ «ይህ መቀመጫ ይለሰልሳል፣ ለሙሽራዋ ይሁን» ብሎ ሰጥቷት። እናትህ ቀዩን ክር አይታ የኔ ስፌት መሆኑንና ከውስጡ ምን እንዳለ አውቃለች፤ ማንም እንዳይከፍተው ከላዩ አልነሳም ብላለች። ሲጠሯት ራሴን አሞኛል ትላለች። ሚዜዎቹ ደግሞ በር ላይ ቁጭ ብለው ሙሽራዋን ይጠብቃሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው። ጎረቤቴ ደህና ሁኑ ብላ ወጣችና ቤቱን ዞረች። እናትህ በጓሮው መስኮት አቡጀዴውን አቀበለቻት። አዎ፣ የሁለት ቀን ሙሽራ፣ ከነዓይነ ርግቧ። ይኸንንም ጻፈው።

«ጫማውስ?» አልኳት።

«መንገድ ላይ አገኘሁት።»

«የት መንገድ?»

«ከበሩ ደፍ ሁለት እርምጃ።»

ክሩን ፈታን፣ ምንጣፉን ዘረጋን። አንዲት ክር አልጎደለበትም። ጎረቤቴ የወፏን ራስ በእጇ ጠረገችና፣ «የኔዋ ቀጭን ናት» አለች። «ተመስገን።»

ለመልስ ሲመጡ ሌባው የሰው ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ መጣ፣ ተረከዙ በኋላ ተርፎ። ጫማውን አይቶ ቆመ። ከጭቃዋ ወፍ በላይ፣ ከሚስማሮቹ በሁለቱ ላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ተሰቅሏል። ከጎኑ ደግሞ እውነተኛው ምንጣፍ፤ ጎረቤቴ ራሷ ናት ለዚያ ቀን አምጥታ የሰቀለችው። አንዴ ምንጣፉን፣ አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ መደቡን አየ። እናትህ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች።

«ይኸ የት ነበር?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ተቀምጠህበት።»

«ከዚያስ?»

«ተሸክመኸው ሄድክ።»

«ከዚያስ?»

ጎረቤቴ እጇን አነሳች። «ከዚያማ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ጫማህን ውሰድ፣ ግን በታጠበ እጅ።»

ታጥቦ መጥቶ መዳፉን ፊትና ኋላ እያገላበጠ አሳየን። ከዚያ ነው የወረደለት።

አሁን ይህ ሰው ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ፂሙን አሳድጎ፣ ጋቢ ደርቦ፣ በዋጃ የተጣላ ሰው የሚያስታርቀው ሽማግሌ ነው። ግድግዳውን እኔ በየዓመቱ ለመስቀል እለቀልቀዋለሁ፤ የሱ ሁለት መዳፍ ያለፈበትን ግን እዘለዋለሁ። ጎረቤቴ ዛሬም ምንጣፏን ጠቅልላ ባሏን ትጠብቃለች። አሁን እንኳ እኔ ቤት ስትገባ ዶሮዬ እንዴት አደረች ትለኛለች። ያ ሽማግሌ ደግሞ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ከማለቱ በፊት ቆም ይላል። ሁለት መዳፉን ይዘረጋል። አንዱን አይቼ፣ ሌላውን አይቼ፣ ንጹሕ ነው ስለው ነው ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን የሚስመኝ።