እጀታው የምን ቀንድ ነው?

በወጣትነቴ ሰንጢ እሰበስብ ነበር። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ያውም ዲያቆን፣ ስለት ምን ያደርግለታል ይላሉ። እኔ ግን ጸሐፊ ነበርሁ፤ ጸሐፊም ያለ ስለት ሊጽፍ አይችልም። የመቃ ብርዕ ብራና ላይ ሲሄድ ውሎ ይደነዝዛል፤ በደነዘዘ ቁጥር ጫፉ እንደገና መቀረጽ፣ መካከሉም በቀጭኑ መሰንጠቅ አለበት። ለዚህ ትልቅ ቢላዋ አይመችም። እጅ ውስጥ የምትገባ፣ ታጥፋ ኪስ የምትቀመጥ ትንሽ ስለት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዋን ሰንጢ የሰጡኝ በጣራ ገዳም ጽሕፈት ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። እጀታዋ ከበሬ ቅልጥም የተሠራ ነበር። ከብዙ ዘመን መያዝ የተነሣ አጥንቱ እንደ ሰም ቢጫ ሆኖ፣ የመምህሬ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ነበር። ሲሰጡኝም፣ “ጣትህን እዚያው ላይ አሳርፍ” አሉኝ። አሳረፍሁ፤ የተለካልኝ ያህል ተስማማኝ። ያን ቀን ገባኝ፤ ብረቱ ይሳላል፣ ያልቃል፣ ይለወጣል፤ እጀታው ግን የያዘውን ሰው ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ሰንጢ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ አስቀድሞ የሚያርፈው እጀታው ላይ ሆነ።

ትምህርቴን ፈጽሜ ወደ ወረታ፣ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ ሣጥን አሠራሁ። ሣጥኑ ከዋንዛ እንጨት ነበር፤ ውስጡን በባዘቶ አለበስሁት። የበግ ቀንድ እጀታ ያለው፣ የድኩላ ቀንድ እጀታ ያለው፣ ከአባቴ የሞተ በሬ ቀንድ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የወጣ፣ ሌሎችም በየተራቸው እዚያ ገቡ። የፎገራ ከብት ቀንዱ ለሥራ የተመቸ ነው። መንደራችን ውስጥ አንድ ባለ እጅ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ፣ ሰው ማሳቅ የሚወድ። የተሰበረ እጀታ ያለው ሰንጢ በገበያ ባገኘሁ ጊዜ፣ ቀንድ ይዤ ወደ እርሱ እሄዳለሁ።

“መጣ ደግሞ!” ይላል ወናፉን ትቶ። “ሰው በሬ ሲታረድ ሥጋ ፍለጋ ይመጣል፤ ይህ ዲያቆን ቀንድ ፍለጋ ይመጣል። በሬዎቹማ አንተን ሲያዩ ሳይሸሹ አይቀሩም።”

እጀታዎቹ እንዳይሰነጠቁ በፍስክ ወራት በለጋ ቅቤ፣ በጾም ወራት ደግሞ በኑግ ዘይት አሻቸው ነበር። እናቴ ይህን ስታይ፣ “ሰንጢዎችህም ይጾማሉ?” ትለኝ ነበር። ይጾማሉ እላታለሁ። እንዲህ ያለ ደስታ ነበረኝ።

ከዕለታት በአንዱ እናቴ ወገቧን ስላመማት ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድኋት። እዚያ አክስቷን ልታስጠምቅ የመጣች አንዲት ልጅ አገኘን። ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ትርንጎ አውጥታ በጥፍሯ ልትልጠው ስትታገል አይቼ፣ ከኪሴ ሰንጢ አውጥቼ ዘረጋሁላት።

እርሷም ሰንጢውን ሳትቀበል፣ “ዲያቆን ሰንጢ ይይዛል እንዴ?” አለች።

“ለብርዕ መቅረጫ ነው” አልሁ።

“ብርዕህ የት አለ?”

ብርዕ አልያዝሁም ነበር። አክስቷ ሣቀች፤ እናቴም ሣቀች። ልጅቱ ሰንጢውን ተቀብላ ትርንጎውን ላጠችና ግማሹን ለእናቴ ሰጠቻት። ከወንዛዬ ስንመለስ እናቴ መንገዱን ሁሉ ስለ ወገቧ ሳይሆን ስለ ልጅቱ አወራች፤ እኔም አልከለከልኋትም።

ልጅቱ ከሐሙሲት ወዲህ ያለች የአንዲት ደብር መሪጌታ ልጅ ነበረች። መሪጌታው ቅስናም ነበራቸው፤ በሥርዓት ጉዳይ ቀልድ የማያውቁ መሆናቸው በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። አባቴ ሽማግሌ ላከባቸው። መሪጌታው እሺም እንቢም አላሉም። “በኅዳር ሚካኤል ዝክር እንደምታዘጋጁ ሰምቻለሁ፤ መጥቼ ቤቱንም ልጁንም አያለሁ፤ መልሴን በዚያው እሰጣለሁ” ብለው መለሷቸው። ለእኔ ከዚያ ቀን የሚበልጥ ቀን አልነበረም። ዲያቆን ካህን ለመሆን አስቀድሞ በሥርዓት ማግባት አለበት፤ እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ስለ ክህነቱ ያሰብሁት ጥቂት ነው። ያሰብሁት ትርንጎ ስለምትልጠው ልጅ ነበር።

በዚያው ሰሞን የወረታው ነጋዴ ከአሥመራ ዕቃ አስመጣ። ነጋዴው ሙስሊም ጎረቤታችን ነው፤ ሐጂ እያልን እንጠራዋለን። ጨው፣ መርፌና ክር ይሸጣል፤ ሰንጢ ሲመጣለት ለማንም ሳያሳይ ለእኔ ያስቀምጥልኛል። ያን ጊዜ ያስቀመጠልኝ እስከዚያ ካየሁት ሁሉ የተለየ ነበር። እጀታው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻካራ፣ ሸንተረሩ ጠቆር ያለ፣ በሸንተረሩ መካከል ደግሞ የማር ቀለም የሚያበራበት ነው። ማንም አልቀረጸውም፤ ፈጣሪው ራሱ እንዳበጀው ብቻ ተቆርጦ በናስ ሚስማር የተያያዘ ነው። ከአባቴ አውድማ የደረሰኝን ሽምብራ ሰጥቼ ወሰድሁት። የምን ቀንድ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። እጄ ውስጥ ሲገባ ሌላውን ነገር ሁሉ ረሳሁት።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ፣ የፎገራ ጥቁር አፈር በጓያና በሽምብራ ቡቃያ ለምልሞ፣ ዳር ዳሩ በኑግ አበባ ቢጫ ለብሶ ነበር። መሪጌታው በበቅሎ መጡ። ቤታችን ጎረቤት ሞልቶበታል፤ ባለ እጁም ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። በኮባ ተጋግሮ የወጣው ድፎ ዳቦ ትኩስ ሽታው ቤቱን ሞላው። መሪጌታው ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን ለመቁረስ ተነሡ። የቤቱ ቢላዋ ጧት በግ የታረደበት ስለነበረ ለዳቦው አይሆንም። አባቴ፣ “ከእነዚያ ከሣጥንህ አንድ አምጣ” አለኝ። ሮጬ ሣጥኔን ከፈትሁ፤ እጄ ወዴት እንደሄደ መገመት አያስቸግርም።

መሪጌታው ሰንጢውን ተቀብለው፣ በስለቱ ጫፍ ዳቦው ላይ የመስቀል ምልክት አደረጉ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። እጀታውን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

“እጀታው የምን ቀንድ ነው?”

“የበሬ” ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ቃሉም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የሚካኤል ዳቦ ፊት ለፊቴ ነው፤ ጠያቂውም የልጅቱ አባት ናቸው።

“አላውቅም፣ የኔታ” አልሁ።

“አታውቅም?” ሰንጢውን በጥፍራቸው አንኳኩት። “ቀንድ ውስጡ ባዶ ነው። ይህ ድፍን ነው። ስለዚህ አጥንት ነው። የምን አጥንት?”

አንዱ ሽማግሌ ከጥግ፣ “ዕቃው ከሱዳን በኩል የሚመጣ ከሆነ የግመል ሳይሆን አይቀርም” አለ።

ቤቱ ተንጫጫ። እኛ ግመል አንበላም፤ የማንበላውን አጥንት የያዘ ስለት ደግሞ የመልአኩን ዳቦ ነክቷል። እናቴ ሌላ ቢላዋ ታጥቦ ይምጣ አለች። መሪጌታው ራሳቸውን ነቀነቁ። “እቴ፣ ስለቱማ ዳቦውን ነካ። ጥያቄው አሁን የዳቦው ነው።” ዓይናቸውን አንሥተው አዩኝ። በዚያ አስተያየት ውስጥ ልጅቱ ወደ ሐሙሲት ስትርቅ አየኋት።

አባቴ ወደ ባለ እጁ ዞረ። “አንተ ዕድሜህን ከቀንድ ጋር ያሳለፍህ አይደለህም? ንገረን እንጂ!”

ባለ እጁ ሰንጢውን አገላብጦ አየና መለሰው። “እኔ የማውቀው የሚወጋኝን ቀንድ ነው፤ ይህን አይቼው አላውቅም። የሸጠለት ይጠየቅ።”

የኑጉን ማሳ እያቋረጥሁ ወደ ሐጂ መደብር ሮጥሁ። ምን እንደገጠመኝ በአጭሩ ነገርሁት፤ መደብሩን ዘግቶ ተከተለኝ። መንገድ ላይ፣ “ስለ ሰንጢ እንዲህ የሚያስሮጥ ነገር የለም፤ ልጅ አለች ማለት ነው” አለኝ። እኔ ሩጫዬን ጨመርሁ።

ሐጂ በሩ ላይ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ። መሪጌታውም ሰንጢውን ዘረጉለት። “ሐጂ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይህ የግመል አጥንት ነው?”

ሐጂ ሣቀ። “የኔታ፣ እኔ የግመል አጥንት ስግጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። የግመል አጥንት ነጭና ለስላሳ ነው፤ እንዲህ ያለ ቅርፊት የለውም። ይህ ግመል ከሆነ እኔ እስከ ዛሬ የበላሁት ምን ነበር?”

“እንኳንም በላህ!” አለ አባቴ፤ ቤቱ ሁሉ ሣቀ። መሪጌታው ግን አልሣቁም።

“የምን ነው ታዲያ?”

“የሸጠልኝ ሰው የነገረኝን ልንገርዎት፤ ነገር ግን እኔም አላመንሁት፣ እርስዎም አያምኑኝም። በፈረንጅ አገር ዱር ውስጥ ሚዳቋ የሚመስል፣ ቁመቱ ግን ፈረስ የሚያህል አውሬ አለ አለኝ። ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል። በየዓመቱም ቀንዱ በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ ደግሞ አዲስ ይበቅላል። ሰዎቹ ከዱር የወደቀውን እየለቀሙ እጀታ ይሠሩበታል አለኝ።”

“ቀንዱ የሚረግፍ!” አለ ባለ እጁ። “እንዲህ ያለ በሬ ፎገራ ላይ ቢኖር ይህ ዲያቆን ከሥሩ አይጠፋም ነበር!”

ሣቁ እስኪበርድ መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ እንደ ፈታኝ መምህር መጠየቅ ጀመሩ። “ሚዳቋ ይመስላል ነው ያልኸኝ?”

“እንዲያ ነው የነገረኝ።”

“እንግዲህ ያመሰኳል። ሰኮናውም የተሰነጠቀ ነው። ቀንዱ ቅርንጫፍ ያወጣል።” ድምፃቸው ዝቅ አለ። “ይህ ዋላ ነው።”

ዋላን የማያውቅ በቤቱ አልነበረም፤ ያየው ግን አንድም ሰው የለም። በየማለዳው በምንደግመው ዳዊት ውስጥ ውኃ ተጠምቶ ወደ ምንጭ ሲገሠግሥ እናገኘዋለን። መምህሬም ሲተረጉሙልን፣ እባብ ይበላል፣ መርዙ ሲያቃጥለው ወደ ውኃ ይሮጣል ይሉን ነበር። ስሙን በቀለም ስጽፈው ኖሬአለሁ። በዚያ ሰሞን ቀንዱ ራሱ ሣጥኔ ውስጥ ተቀምጦ እንደነበር ግን አላወቅሁም።

ነገሩ አለቀ ስል ያው የጥጉ ሽማግሌ ተነሣ። “የኔታ፣ ዋላ ከሆነ ንጹሕ ነው፤ እሺ። ግን ማን አረደው? በማንስ ስም ታረደ?”

ይህ ከግመሉ የባሰ ነበር። በቤተ ሰቡ ፊት ላይ የነበረው ደስታ እንደ መብራት ሲጠፋ አየሁ። እኛ በሥላሴ ስም ያልታረደ አንበላም፤ የፈረንጁን አራጅ ደግሞ ማን ያውቀዋል?

መሪጌታው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ወደ ሽማግሌው ሳይሆን ወደ ሰንጢው እያዩ፣ “አልታረደም እኮ” አሉ። “ወደቀ። ዋላው ጥሎት ሄደ፤ ዛሬም በዱሩ ይኖር ይሆናል። ደም ያልፈሰሰበት ቀንድ ነው።” ይህን ብለው ስለቱን በመስቀሉ ምልክት ላይ አሳርፈው ዳቦውን ቆረሱ።

እናቴ እልል አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ሐጂ ሥጋችንን ስለማይበላ የሽምብራ ቆሎና ማር ቀረበለት፤ ባለ እጁም እርሱን አስቀምጦ ስለ ግመል ሥጋ ጣዕም ሲመረምረው ዋለ። እኔ ቁራሼን ይዤ አልበላሁም። መልሱ ገና አልተነገረም።

ሽማግሌዎቹ የጋብቻውን ነገር ሲያነሡ መሪጌታው የሰንጢውን ስለት በነጠላቸው ጠረጉት። “ይህ ልጅ የገዛውን ዕቃ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ገዝቷል፤ ይህ አንድ” አሉ። አባቴ አንገቱን ደፋ። “ነገር ግን የበሬ ነው ቢለኝ ኖሮ አምኜው እቆርስ ነበር። እርሱም ይህን ያውቃል። አላውቅም አለኝ። ለልጄ ባል ስፈልግ፣ የማያውቀውን አላውቅም የሚል አገኛለሁ ብዬ ተስፋ አላደረግሁም ነበር። ሰጥቻለሁ።”

ከዚያ ሰንጢውን አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት።

አባቴ እያፈረ፣ “የኔታ፣ ሰንጢው…” አለ።

“ማጫ ነው” አሉ መሪጌታው። ሌላ ማጫም አልተቀበሉን።

የሰበሰብሁት ሁሉ ቁንጮ እንደዚያ ሄደ፤ በሕይወቴ ስንለያይ ያላዘንሁበት ዕቃ እርሱ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጥር በቁርባን ተጋባን። አማቴ እስከ ዕረፍታቸው ብርዓቸውን በእርሱ ይቀርጹ ነበር፤ ለተማሪዎቻቸውም ስለ ዋላ ሲያስተምሩ ከኪሳቸው አውጥተው ያሳዩአቸው እንደነበር ሰምቻለሁ። ካረፉ በኋላ ባለቤቴ ሰንጢውን ይዛው መጣች። ተቀብዬ ሳየው ያ ሻካራ ቅርፊት በአንድ ቦታ ለስልሶ፣ የአውራ ጣታቸው ማረፊያ ጎድጎድ ብሎ ነበር። ጣቴን አሳረፍሁበት። እርሳቸው ሰፊ እጅ ነበራቸው፤ ለእኔ ጥቂት ይሰፋል።

ወደ ሣጥኔ ልመልሰው ስነሣ ግን ባለቤቴ እጇን ዘረጋች።

“ወዴት ነው የምትወስደው? የተለወጥሁበት እኔ ነኝ፤ የእኔ ነው።”

ሰጠኋት። ዛሬም እርሷ ዘንድ ነው፤ ትርንጎ ትልጥበታለች። እኔ የቀረልኝ ሥራ እጀታውን ማሸት ነው፤ በፍስክ በቅቤ፣ በጾም በኑግ ዘይት።