ለቡሬ የተተከለ ድንኳን

የመጨረሻዋ ቀን ዓርብ ነበረች። ምንም የተለየ ነገር አልነበራትም። ከሰዓት በኋላ ሜዳ ወረድን፤ ወንድሜ ግቡ ውስጥ ቆመ፤ እኔ ከግቡ ኋላ ቆምሁ።

ወንድሜ እዚህ ፍኖተ ሰላም የከተማችን ቡድን ግብ ጠባቂ ነበር። ነበር ስል ሞቷል ማለቴ አይደለም፤ እዚያ ነገር ላይ እደርሳለሁ። እኔ ልጅ ከነበርሁበት ጊዜ ጀምሮ ግቡ ውስጥ ያለው እሱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ስቀመጥ እኔን ተጠባባቂ አደረጉኝ። ተጠባባቂ ማለት ሌላው እስኪታመም መጠበቅ ነው። እሱ ግን አይታመምም። አንድ ጊዜ ብቻ ወባ ይዞት ነበር፤ እየተንቀጠቀጠ ገብቶ ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። ደጋፊው እስከ ዛሬ የሚያወራው ያንን ነው። እኔ በዚያ ቀን ልብሴን ቀይሬ ነበር።

ግቡ መካከል አንድ ጉድጓድ አለ። የቆፈረው ሰው የለም፤ ከመቆም ብዛት የመጣ ነው። ሰኔ ሲገባ ውኃ ይሞላዋል፤ እንቁራሪት ይገባበታል። አሠልጣኙ ይደፈን ባለ ቁጥር አያ እምቢ ይላል። ታላቅ ወንድሜን አያ ነው የምለው። ዞሮ ሳያይ፣ በእግሩ ብቻ ዳብሶ፣ ከሁለቱ ቋሚዎች መካከል መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ጉድጓድ ነው። በዚያች ዓርብ እንቁራሪቷን በእጁ አወጣና ወደ እኔ ወረወራት። ያዝኋት።

«አየህ፤ ትይዛለህ እኮ» አለኝ።

መሬት ላይ ሳስቀምጣት ተመልሳ ጉድጓዱ ገባች።

እንደሚሄድ ከታወቀ ከርሟል። ጉልበቱ ከብዶት ነበር፤ ቡሬ ያለ አንድ ፋብሪካ ደግሞ ሥራ ሰጠው፣ ለፋብሪካው ቡድንም እንዲጫወት ጠየቀው። ቡሬ ቅርብ ናት። ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ለምሳ የሚመለስ ሰው አለ። በኳስ ግን ቡሬ ሩቅ ናት። ቡሬን ያላሸነፍንበት ዓመት እኛ ዘንድ ዓመት አይባልም። ግብ ጠባቂያችን ለቡሬ ሊቆም ነው ሲባል ምሳ ያልበላ ሰው አውቃለሁ።

ለእኔ ደግሞ፣ እንዴት ልበል፣ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ከአልጋዬ አጠገብ ያለው አልጋ ባዶ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግቡ ባዶ መሆኑ ነው። አልጋውን የሚሞላው የለም። ግቡን የምሞላው እኔ ነኝ፤ ደጋፊው ይህን ያውቃል። በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ ነበር የሚያልፉት። ለእኔ አዝነው ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም።

የደጋፊዎቹ ሰብሳቢ በርበሬ ነጋዴ ነው። ዓይኑ ዓመቱን ሙሉ ቀይ ስለሆነ መቼ እንደሚያለቅስ ሰው አይለይም። ሽኝቱ ቅዳሜ፣ ደጃችን ላይ እንዲሆን የወሰነው እሱ ነው። ዝናብ ስላለ ድንኳን ያስፈልጋል፤ ድንኳን ያለው ደግሞ እድሩ ብቻ ነው። የእድሩ ዳኛ ድንኳኑ ለሞትና ለሠርግ እንጂ ለኳስ አይወጣም አሉ። እንግዲያው ሠርግ ነው እንበል አላቸው ነጋዴው። ሙሽራዋስ ማን ናት ቢሉት ቡሬ ናት አላቸው። ሳቁና ፈቀዱ። ግን ድንኳኑ ከወጣ አግዳሚ ወንበሮቹም ጥሩንባ ነፊውም አብረው ይወጣሉ፤ ደንቡ ነው።

ጥሩንባ ነፊው ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ መንደሩን ዞሩ። ያሉት ትክክል ነው፤ ግብ ጠባቂያችን ወደ ቡሬ ስለሚሄድ መጥታችሁ ሸኙት ነው ያሉት። ድምፃቸው ግን አንድ ብቻ ነው፤ በለመዱት ዜማ ለፈፉት። ነጋዴው ደግሞ የአያን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ዙሪያውን አበባ ሰካበት።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። የአባታችን እህት ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ገባ ካለች የገጠር መንደር ለገበያ ይመጣሉ። እኛ ዘንድ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። ከሩቅ ድንኳኑን ያያል፣ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ ውስጥ ገብቶ ይደርስበታል። አክስቴ ድንኳኑን ከመንገዱ ጥግ አዩት። የያዙትን ቋጠሮ ለሰው ሰጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና እየጮሁ መጡ። አብረዋቸው ለገበያ የወጡት የመንደራቸው ሰዎችም ተከተሏቸው።

አክስቴ አባታችን የሞቱ መስሏቸዋል። አባታችን ግን ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እህታቸው እንዲያ ሆነው፣ ያን ሁሉ ሰው አስከትለው ሲመጡ ሲያዩ፣ እሳቸው ደግሞ ገጠር ያለው ታላቅ ወንድማቸው የሞተ መሰላቸው፤ ሰሞኑን ታሞ ነበርና። መርዶ ሊነግሩኝ መጡ ብለው ከወንበራቸው ተነሥተው ያለቅሱ ጀመር። ወንድምና እህት ተቃቅፈው፣ አባታችን የገጠሩን፣ አክስቴ የዚህን ሟች ያለቅሳሉ። ሟች የለም።

አክስቴ አባታችንን በሕይወት ሲያዩ ደስ ሊላቸው ሲገባ ባሰባቸው። እንግዲያው የሞተችው እናታችን ናት ብለው ነው። እናታችን ጩኸቱን ሰምታ እጇ ሊጥ እንደሆነ ከጓዳ ወጣች። እሷንም አዩ፤ ይበልጥ ባሰባቸው። ከዚያ እኔን አዩ። ከዚያ ቀና ሲሉ ፎቶውን ከነአበባው አዩት፤ ምሰሶው ላይ ተጠመጠሙ። ድንኳኑ ተወዛወዘ።

ከኋላ የተቀመጡት ደጋፊዎች አባታችንን እያዩ ልባቸው ተነካ። አባታችን ሜዳ ረግጠው አያውቁም፤ ለካ በልባቸው ይህን ያህል ኳስ ይወዱ ኖሯል ብለው እነሱም አለቀሱ። ነጋዴውም አለቀሰ፤ የአሁኑን እንኳ ማንም አላመነውም።

እኔ ማንም እንዳልሞተ አውቅ ነበር። ልነግራቸው ተነሣሁ። ማንም አልሞተም ልል አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። በዚያ ሰሞን አንዲት እንባ አላወጣሁም ነበር። ቡሬ ለሚሄድ ሰው ማን ያለቅሳል ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ግን፣ ሰበብ ተገኘ እንግዲህ አልሁ መሰለኝ።

አያ በዚህ መካከል ከጸጉር ቤት መጣ። ወጣቶቹ ትከሻቸው ላይ አድርገውት እየጨፈሩ ነው የመጡት። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ጸጉሩ ተስተካክሏል። ድንኳኑ በር ሲደርሱ ጭፈራው ቆመ፤ ውስጥ ያለው ለቅሶም ቆመ። አክስቴ ምሰሶውን እንዳቀፉ ፎቶውን አዩ፤ እሱን አዩ፤ ፎቶውን አዩ።

«አልሞትህም?» አሉት።

«አልሞትሁም አክስቴ። ቡሬ ልሄድ ነው።»

«የትኛዋ ቡሬ?»

«ያችው ቡሬ።»

«በርበሬ የምሸጥባት ቡሬ?»

አያ ከሰው ትከሻ ላይ ሆኖ አዎ አላቸው። አክስቴ ምሰሶውን ለቀቁ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ፤ እስከ ዛሬ የሚወራውን የተናገሩት ያን ጊዜ ነው።

«እንግዲህ ስትሞት አልመጣም። አልቅሻለሁ።»

የእድሩ ዳኛ ልክ ናቸው፣ ይያዝላቸው ብለው ፈረዱ። አባታችን ግን ገና አልገባቸውም፤ ወንድማችንስ ብለው ጠየቁ። እሱማ በሬዎቹን ጠምዶ ሲሳደብ ነው የተውሁት አሉ አክስቴ። ከዚያ ሳቅ ሆነ። አባታችን በመሐረብ ፊታቸውን እየጠረጉ ሲስቁ አየሁ።

እኔ አላቆምሁም። ላቆም ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ጥሩንባ ነፊው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና በዚያችው በአንዷ ድምፃቸው ልጄ በቃ፣ ማንም አልሞተም አሉኝ። አውቃለሁ አባቴ አልኋቸው። አውቀህስ አሉኝ። እስክጨርስ አብረውኝ ተቀመጡ።

የሰኔ ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም፤ ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ ቀረበ። ከገጠር የመጡት ለቅሶ ደራሾችም ገበያቸውን ትተው በሉ። ነጋዴው ንግግር አደረገ፤ መካከሉ ላይ አቋርጦ ተቀመጠ። በመጨረሻ አያ ጓንቱን ከኪሱ አወጣ። በሰው ሁሉ ፊት እጄ ላይ አጠለቀልኝ። ሰፋኝ። ከኋላ አንዱ ቀስ ብሎ «እግዚአብሔር ይሁነን» አለ።

መናኸሪያ ድረስ ሻንጣውን የያዝሁት እኔ ነኝ። ደጋፊው ሚኒባሷን ከቦ ይዘፍናል፤ ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል። አያ በመስኮቱ ራሱን አወጣ። ጓንቱ እየተለበሰ ይጠባል አለኝ። ሚኒባሷ ስትንቀሳቀስ ደግሞ፣

«ጉድጓዷን ድፈናት» አለኝ። «የእኔ እግር ልክ ናት።»

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ድንኳኑን ነቅለን ለእድሩ መለስን። ከዚያ አካፋ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሜዳ ወረድሁ። ማንም የለም። እንቁራሪቷ አለች። አውጥቼ ሣሩ ላይ አስቀመጥኋት። ውኃውን ቀዳሁ፤ ከሜዳው ዳር አፈር እያመጣሁ ሞላሁት፤ ረገጥሁት። ጓንቱን አጥልቄ ላዩ ላይ ቆምሁ። የሰኔ አፈር ነውና ሰመጥሁ። እግሬን ባወጣው ሌላ ጉድጓድ ሆነ፤ ከእሱ ትንሽ ወደ ግራ።

ቀና ስል የበርበሬ ነጋዴው ኳስ ይዞ ቆሟል። የእሑድ ጫማውን እንዳደረገ ነው። ኳሷን ፍጹም ቅጣት ምቱ ቦታ ላይ አስቀመጠ፤ ጥቂት ወደ ኋላ ሄደ፤ ሮጦ መታት። ኳሷና ጫማው እኩል መጡ። ጫማውን ያዝሁት። ኳሷ ገባች።

በአንድ እግሩ እየዘለለ መጥቶ ጫማውን ከእጄ ተቀበለ። ተንበርክኮ ክሩን አጥብቆ አሰረ። ከዚያ ኳሷን ይዞ ተመልሶ፣ እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጣት።