አራተኛው ፊርማ

የአክስቴ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ሲቀራት ነው። ቀኝ እጇ፣ ያውም አውራ ጣቷ። ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አልነበረም። እሷ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሴል ምርምር ቤተ ሙከራ ውስጥ ቴክኒሻን ሆና የኖረችው በዚያች አውራ ጣት ነው። የፈሳሽ መለኪያዋን፣ ፒፔት የሚሏትን፣ ከላይ የሚጫነው አውራ ጣት ነው። ከእንባ ጠብታ ያነሰ ፈሳሽ መጥጦ ቱቦ ውስጥ ለመጨመር የሚንቀጠቀጥ ጣት አይሆንም።

ቤተ ሙከራው የሚያጠናው ሴል የተበላሸ ፕሮቲን እንዴት ለይቶ እንደሚያፈርስ ነው። ልጅ ሳለሁ የታጠበ ልብስ እያጣጠፍን አስረድታኛለች። ፕሮቲን ሲሠራ ረጅም ክር ነው። በትክክል ካልታጠፈ ሥራ አይሠራም፤ ባስ ሲልም ከሌላው ጋር እየተጣበቀ ይከመርና ሴሉን ይጎዳል። ሴሉ ታዲያ ወዲያው አያፈርሰውም። መጀመሪያ አቃኝ ፕሮቲኖች ይመጡና ይይዙታል፣ እንደገና ለመታጠፍ ዕድል ያገኛል። እምቢ ካለ ሌሎች መጥተው ትንሽ ምልክት ይለጥፉበታል። አክስቴ ይህን ምልክት «ልጥፍ» ነበር የምትለው፤ ቤተ ሙከራው በሙሉ ከእሷ ወርሶ ልጥፍ ይላል። አንድ ልጥፍ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። በልጥፉ ላይ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ ይቀጠላል። አራት ያህል ሲደርስ ነው በርሜል የመሰለው ፈጪ ፕሮቲኑን ተቀብሎ የሚቆራርጠው። ቁርጥራጩም አይጣልም፣ ለአዲስ ፕሮቲን ይሆናል። «ሴል አይቸኩልም» ትለኝ ነበር። ሰው ላይ ስም የሚለጥፉት ናቸው የሚቸኩሉት፤ ይሄኛው የእኔ አባባል ነው።

ቀጮ የሚሏት ባልደረባዋ በአሥር ዓመት ታንሳታለች። ሥራ ስትገባ ቱቦ በአንድ እጅ መክፈት እንኳ አታውቅም ነበር፤ አክስቴ ናት አጠገቧ አስቀምጣ ያስተማረቻት። አሥራ አንድ ዓመት ምሳ በአንድ ሳህን በልተዋል። አክስቴ ለእህቶቿ ያልነገረችውን ለቀጮ ትነግራት ነበርና የእጇንም ነገር መጀመሪያ የነገረችው ለእሷው ነው። ቀጮ አቅፋት አለቀሰች። ከዚያም አንድ መላ አመጣች፦ እኔ እለካልሻለሁ፣ አንቺ መዝገቡ ላይ ፈርሚ። በደንቡ የሚፈርመው የለካው ሰው ነው። አክስቴ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ መዝገብ ላይ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነበር፤ የዋሸችውም ወዳጇን አምና ነው።

እጇን ሌሎችም አይተውት ኖሯል። ሁለቱ ወጣት ተመራማሪዎችና የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ለሥራው አልበቃችም የሚል ማመልከቻ ጽፈው ፈረሙ። በዚያ ቤት ደንብ ግን እንዲህ ያለ ማመልከቻ አራት ባልደረባ ካልፈረመበት አይታይም። ከቤተ ሙከራው ኃላፊ በቀር የቀረችው ቀጮ ብቻ ናት። ወረቀቱ አንድ ወር ሙሉ በሦስት ፊርማ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። አክስቴ ስትሰማ ሳቀች። «ሦስት ነው፣ ፈጪው አፉን አይከፍትም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቀጮ ብትፈርምስ አልኳት። ተቆጣችኝ፤ አፍሽን ያዢ አለችኝ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቀጮ ተጣድፋ ገባችና መለኪያዋ ላይ የአሥርዮሽ ነጥቧን ሳታስተውል ቀረች። ለሙከራው ፈጪውን የሚያስቆመውን መድኃኒት ሴሎቹ ላይ በአሥር እጥፍ ጨመረችባቸው። አክስቴ እንደ ልማዷ ፈረመች። በማግስቱ የሁለት ወር ድካም የወጣባቸው ሴሎች በሙሉ ሞተው ተገኙ። ኃላፊው መዝገቡን ሲገልጥ ያገኘው የአክስቴን ስም ነው።

ቀጮ ምን አደረገች? በዚያው ዕለት ከምሳ በኋላ ዕቃ ክፍል ገብታ አራተኛዋ ሆና ፈረመች።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። አክስቴን ወንበር ስቦ አስቀምጧት ወረቀቱን ሰጣት፤ እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ላሰናብትዎ ነው፤ መዝገቡም ላይ የእርስዎ ፊርማ ነው ያለው አላት። አክስቴ ወረቀቱን እስከ ታች አነበበችው። ቀጮ በሩ አጠገብ ቆማ ጫማዋን ታያለች። አክስቴ ቀና ብላ አየቻት፣ ጠበቀቻት። ቀጮ አልተናገረችም። አክስቴም ሳትናገር ወጣች።

ያን ዕለት ማታ እኔ ነደድኩ። ነገ ሄደን ማን እንደለካ እንንገር አልኳት። እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ይዛለች።

«ያጎረስኩት እጅ ነከሰኝ» አለች። «መሳሳቷ አይደለም፣ እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። አንድ ቀን ‘እትዬ፣ ከዚህ በላይ አልችልም፣ ፈርቻለሁ’ ብትለኝ ራሴ ለቅቄ እወጣ ነበር። ሴል እንኳ መጀመሪያ ለማቃናት ይሞክራል። እሷ አንዲት ቃል ነፈገችኝ። ከድታኛለች፣ ልጄ።»

በሳምንቱ እሑድ ቀጮ ዐይኗን በጨው አጥባ መጣች። የአክስቴን ነጭ ጋዋንና የሥራ ነጠላ ጫማ በፌስታል ይዛለች። አክስቴ አስገባቻት። ስለ ልጆቿ ጠየቀቻት፣ ቀጮም መለሰች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው፣ አንቺ መውጣትሽ እንደሆን አይቀርም ነበር፣ ይቅር በይኝ አለች። የአክስቴ ፊት ሲላላ አየሁ። እጇን ዘርግታ የቀጮን ጉልበት ነካችው። ልቤ እርር አለ፣ ልትምራት ነው ብዬ።

ቀጮ አፍንጫዋን ጠረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ያን ቀን የለካሁት እኔ መሆኔን… ለሰው ተናግረሻል እንዴ?» አለቻት።

አክስቴ እጇን ከጉልበቷ ላይ አነሳች። ሴትዮዋ ለምን እንደመጣች ያን ጊዜ ነው የገባት።

«አልተናገርኩም» አለቻት። «አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»